ቆጠራ ያለው ፊልም

ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት የተቀጠርኩት አግዳሚ ለመደርደርና በር ላይ ለመቆም ነው። በመጀመሪያው ቀኔ ግን ማይክራፎን ያዝኩ። ፊልሙን በማይክ ወደ አማርኛ የሚመልሰው የቤቱ ተርጓሚ ለቅሶ ብሎ ሃላሌ የምትባል ከተማ ሄዶ እዚያው ቀርቷል፤ አዳራሹ ሞልቷል፤ ባለቤቱ ጋሽ ተፈራ ደግሞ የከፈለን ሰው መመለስ እንደ በሽታ ይፈራሉ።

«አንተ፣ ስምህ ማን ነበር? ሸምሱ! እንግሊዝኛ ትችላለህ?» አሉኝ።

«ከፈረንጅ ጋር ተከራክሬ ዕቃ ሸጫለሁ፣ ጋሼ።»

«ይበቃል። እዚህ የሚፈለገው አፍ ነው።»

ፊልሙ የጠፈር መርከብ ነበር። እስከ መሀሉ እንደ ምንም ገፋሁት። ከዚያ ካፒቴኑ መዳፉን መስታወት ላይ አሳረፈ፣ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ አንዲት የማትታይ ሴት በረጋ ድምፅ መናገር ያዘች። ጋሽ ተፈራ ከኋላ ጎሸም አደረጉኝ።

«ምን አለች?»

«እየቆጠረች መሰለኝ።»

«ታዲያ አንተም ቁጠራ!»

ቆጠርኩ። አዳራሹ አብሮኝ ቆጠረ። መርከቧ ስትፈነዳ የቤቱ ቆርቆሮ በፉጨት ተንቀጠቀጠ። «ያ ሰውዬ ከሃላሌ ሲመለስ አግዳሚ ይደርድር» አሉ ጋሽ ተፈራ። እንጀራዬ እንደዚህ ተገኘ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የጠፈር መርከብ ራሷን የምታፈነዳበት መሣሪያ አላት። ጠላት ሲማርካት ወይም አውሬ ሆዷ ውስጥ ሲገባባት ካፒቴኑ ፍንዳታውን ያዛል። ብቻውን ግን አይችልም። ምክትሉም የራሱን ምስጢር ቁጥር መናገር አለበት፤ በአንዳንዱ ፊልም ሦስተኛ ሹም ይጨመራል። ምግብ አብሳዩን የሚጠይቀው የለም። ከዚያ ሴትዮዋ ትቆጥራለች። የመርከብ ደቂቃ ከኛ ደቂቃ ይረዝማል፤ በአንዷ ውስጥ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይሳሳማል፣ የጠፋ ጓደኛም ይፈልጋል።

ከሁምቦ ከብት እየነዱ ለገበያ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ፊልሙ ሲያልቅ በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሰው መኪና ሲገዛ ራሱን የሚያቃጥልበት ቁልፍ አብረው ይገጥሙለታል?»

«ኧረ አይገጥሙም፣ አባባ።»

«ታዲያ እነዚህ ማንን አማክረው ነው?»

«ባለሙያ ነዋ።»

«በል ያንን ባለሙያ አታሳየኝ» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ ግን ከሁሉ ቀድመው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ንግድ ነውና ገበያው የሚወደውን አወቅን። ፍቅር ያለው ፊልም ግማሽ አዳራሽ ይሞላል፣ ካራቴ ትንሽ ይሻላል። በር ላይ በጠመኔ «ቆጠራ አለው» ብለን ከጻፍን ግን መቆሚያ ይጠፋል። ጋሽ ተፈራ ፊልም ሲገዙ ሌላ ነገር አይጠይቁም። «መርከቡ ራሱን ያፈነዳል ወይስ እንዲሁ ነው የሚንከራተተው?» ይላሉ።

የሥራው አካሄድ ቀላል ነው። ተርጓሚው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ከፕሮጀክተሩ ጎን ይቀመጣል። በግራ እጁ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ በቀኙ ማይኩን ይይዛል፤ ተኩስ ሲጀመር ዝም ብሎ ድምፁን ይለቀዋል። የቀረውን የሚሠራው አምፕሊፋየሩ ነው።

እኔ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ቆጠራው ሲጀመር ራሴን መርከቧ ውስጥ አስገባለሁ። «ከሞተር ክፍል፣ ሸምሱ ነኝ! ወገኖቼ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም፣ እየነደድን ነው፣ ውጡ!» እላለሁ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አንወጣም!» ብሎ ይመልስልኛል። ከፍለን ገብተናል ለማለት ነው። ይህ የቤታችን ወግ ሆነ። አንዳንዱ የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን «አንወጣም» ለማለት ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ሐብታሙ ነው። የአይሱዙ ረዳት ነው፤ አገሩ ጎጃም። መኪናው ጭነት ለማራገፍ ሶዶ በቆመ ቁጥር መጥቶ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ወላይትኛ አንድ ቃል አያውቅም። «ሸምሱዬ፣ አንተ ባትኖር ይሄ ከተማ ለኔ ድዳ ነበር» ይለኛል። እኔ የስልጤ ነጋዴ ልጅ ብሆንም ሶዶ ነው የተወለድኩት፤ ወላይትኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጣላ ነው የለመድኩት።

ስለ ቤቱም ልናገር። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል። ከስክሪኑ ጨርቅ ጀርባ ሌላ በር ነበር፤ በነጻ የሚገባ በዝቶ በሚስማር ተመታ። «ጋሼ፣ ይሄ በር ቢከፈት» ብዬ ነበር። «ለሌባ?» አሉኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ የገበያ ቀን፣ ከሰዓት። ፊልሙ ቆጠራ ያለው ነው። ካፒቴኑ ቁጥሩን ተናገረ፣ ምክትሉም ተናገረ፣ ሴትዮዋ ጀመረች። መርከቧ ውስጥ ጭስ ገባ። ያን ጊዜ ከጨርቁ በላይ፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ፣ ሌላ ጭስ አየሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚያልፍበት ቦታ ነው። አዳራሹም ጭሱን አየና አጨበጨበ። ጋሽ ተፈራ አዲስ ነገር የጨመሩለት መስሎት ነው።

ማይኩን ይዤ «ወገኖቼ ውጡ፣ ቤቱ እየነደደ ነው!» አልኩ።

«አንወጣም!»

«ፊልሙን አይደለም! እኔ ሸምሱ ነኝ የምላችሁ!»

«ከሞተር ክፍል!» አለ አንዱ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

«ሸምሱ ዛሬ በርበሬ ጨምሮበታል!» አለ ሌላው።

ሶኬቱን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ፣ መለስኩት። ፕሮጀክተሩም አምፕሊፋየሩም የሚሠሩት በዚያው ሶኬት ነው፤ ሌላ መብራት የለም። ብነቅለው ማይኩ ይሞታል፣ ሰዉ በድቅድቅ ጨለማ ወደ አንዲት በር ይሮጥና ይረጋገጣል። ሦስተኛ ጊዜ በአማርኛ ለመንኳቸው። መልሱ ያው ነው።

በዚያ ማይክ ወላይትኛ ተናግሬ አላውቅም ነበር። የፊልም ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ወላይትኛ የቤት፣ የገበያ፣ የጸብ ነው። ካፒቴን በወላይትኛ ሲያዝ ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

«ታማ!» ብዬ ጮህኩ። እሳት ማለት ነው። የቀረውንም በዚያው ቋንቋ አስከተልኩ፤ እናት ለልጇ እንደምትጮኸው ነው የጮህኩት።

ሳቁ ተቆረጠ። መጀመሪያ የተነሡት የሁምቦው ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸውን ከፍ አድርገው የሚጋፋውን ወጣት «ተራህን ጠብቅ!» እያሉ ወደ በሩ ነዱት። አግዳሚ ተገለበጠ፣ ጫማ ቀረ፣ ሰው ግን ወጣ። እኔም ከኋላቸው ወጣሁ። ኮርኒሱ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ተፈራ ከገበያ እየሮጡ ደረሱ።

«ፕሮጀክተሩስ?»

«ውስጥ ነው፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የአይሱዙው ሹፌር ሰዉን እየገፋ መጣ። «ሐብታሙስ?» አለ።

ሹፌሩና እኔ ከጎረቤት እንጨት ቤት ምሳር ይዘን በጀርባ ዞርን፤ የተመታውን በር ሰበርነው። ሐብታሙ የፊተኛው አግዳሚ ስር ተኝቶ አገኘነው። ጎትተን አወጣነውና ኦቶና ሆስፒታል ወሰድነው።

ማታ ልጠይቀው ስገባ አወቀኝ። ፊቱ ደህና ነበር፤ እሳቱ ጀርባውን ነው የበላው።

«ሰው ድንገት ሲነሣ አፈሳ መስሎኝ እኮ ነው» አለኝ። «መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል። አግዳሚው ስር ገባሁ።»

«ዝም በል፣ አትድከም።»

«ምን ብለህ ነው ያስነሣሃቸው?»

«እሳት ነው አልኳቸው። በወላይትኛ።»

«በአማርኛስ ለምን አልነገርከኝም፣ ሸምሱዬ?»

«ነግሬህ ነበር። ሦስት ጊዜ።»

«እሱማ መርከቡን ነበር» አለ።

ሌላ ያወራነው የለም። በማግስቱ አረፈ።

ሬሳውን ወደ አገሩ ይዞ የሄደው ሹፌሩ ነው። ከመነሣቱ በፊት መኪናው በር ላይ ቆሞ «እናቱን ምን ልበላት?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ሞተ በላት።»

«ፊልም ቤት ነበር እኮ።»

«የኔ ሥራ ላይ ነበር» አልኩት። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ፖሊስ ጋሽ ተፈራን ጠየቀ፣ እኔንም ጠየቀ፤ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ተጽፎ ጉዳዩ ተዘጋ። ጋሽ ተፈራ በሌላ ቤት ሊከፍቱ አሰቡና «ስንቱን ሰው ያዳንክ ልጅ ነህ፣ ና ማይኩን ያዝ» አሉኝ። አልያዝኩም። ከተማው ውስጥ ያየኝ ሁሉ ያመሰግነኛል። የሚያመሰግኑኝ በወላይትኛ ነው።

ዛሬ የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ፣ ደንበኛ ከፈለገም ሚሞሪ ላይ ፊልም እጭናለሁ። አሁንም ወጣቶች መጥተው ቆጠራ ያለው ይጠይቁኛል። እጭንላቸዋለሁ፤ ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም።

ኳስም ሆነ ፊልም በአዳራሽ ለምታሳዩ፦ መብራቱን ከፕሮጀክተሩ በተለየ መስመር አስገቡ። የኋላውን በር በሚስማር አትምቱ። አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ ሥዕሉን አጥፉ፣ መብራቱን አብሩ፣ ከዚያ ተናገሩ። አዳራሹ ውስጥ ባለው ቋንቋ ሁሉ ተናገሩ፤ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም።