የሁለት ቤት ዱባ

እናቴ ዱባ ስትመርጥ አብሬያት መቆም አልወድም፤ አፍራለሁ። መሬት ላይ ቁጢጥ ትልና በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ቅርፊቱን በጥፍሯ ትጫነዋለች። ጥፍሯ ከገባ «ይኸ ገና ልጅ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ከዚያ አንገቱን፣ ከሐረጉ የተቆረጠበትን ማለቴ ነው፣ ትመረምራለች። ደርቆ እንጨት ካልመሰለ አትገዛም። አንገቱ የተገነጠለ ዱባማ በነፃ ቢሰጧትም አትወስድም፤ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የቅዳሜ ገበያ ሻጮች ያውቋታል። ከሩቅ ሲያዩዋት ደህና ደህናውን ወደ ፊት የሚያወጡ አሉ፣ ፊታቸውን የሚያዞሩም አሉ።

ቤት ውስጥም ለሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ከጋፋት በኩል የሚመጣው ድንች ጨለማ ጥግ ይገባል፤ ብርሃን ካየ አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል። ነጭ ሽንኩርቱ ተጎንጉኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የፎገራ ቲማቲም ተለቅሞ፣ የላላው ለዛሬ ወጥ፣ ጠንካራው ለሳምንት ይለያል። ዱባው ግን ከሁሉም በላይ፣ ቆጡ ላይ፣ ጭድ ተነጥፎለት ይቀመጣል። እንደ እንግዳ ነው የሚያዘው።

ዱባው የእኛ ብቻ አይደለማ። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታችን፣ እኔ «እትዬ» የምላቸው፣ ግማሹ የእሳቸው ነው። እናቴም እሳቸውም ባል የሞተባቸው ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ዱባ ገበያውን ሲሞላው አብረው ይወርዱና አንድ ትልቅ ዱባ ይገዛሉ። ትልቅ ዱባ ሳይነካ ከተቀመጠ እስከ ዐቢይ ጾም ይደርሳል፤ አንዴ ከተቆረጠ ግን ቶሎ ካልተበላ ይበላሻል፣ ለአንድ ትንሽ ቤት ደግሞ ይበዛል። ስለዚህ ለሁለት ቤት ይገዛል፣ ሁለቱም ባሉበት ይቆረጣል። አንዷ በሌለችበት ቢላ አይነካውም። ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ እናቴ ግን ከጾሟ እኩል ታከብረዋለች።

ባለፈው ዓመት ዱባው ገና ጭዱ ላይ ከመቀመጡ እትዬ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሲሰናበቱን «ቶሎ እመለሳለሁ፣ ዱባዬን አደራ» አሉ። የገና ጾም ገባ፣ እሳቸው አልመጡም። ልጃቸው በደወለች ቁጥር የምታነሳው የእኛን የደብረ ታቦርን ብርድ ነበር፤ ለጉልበታቸው እንደማይሆን፣ እዚያው ቢኖሩ እንደሚሻል። እናቴ «እውነትሽን ነው ልጄ» ትላታለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ፊቷ ይጠቁራል። እኔ ጠዋት ቢሮ ገብቼ አመሻሽ ላይ ነው የምመለሰው፤ ቀኑን ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ የሚያጫውቷት እሳቸው ነበሩ።

«ትቀር ይሆን እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ድንች እየላጠች።

«ኧረ ይመጣሉ» አልኳት። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ጾሙ ሲገፋ ሽሮና ድንች ሰለቸኝ። ቆጡን ቀና ብዬ እያየሁ «እማ፣ ይኸ ዱባ ሊመነኩስ ነው እንዴ? ጣራ ገዳም እንላከው» አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ባለቤቱ ስትመጣ ይወርዳል» አለች። በየጊዜው ወጥታ ታገላብጠዋለች፣ ጭዱ እርጥበት ይዞ እንደሆነ በእጇ ትዳብሳለች፣ አይጥ እንዳይደርስበት ታያለች። ለእኔ ጉንፋን እንኳ እንዲህ አትጨነቅም።

ከገና በኋላ አንድ ጠዋት ጠራችኝ። «ነይ እስቲ እይልኝ። ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?» ከዱባው ጎን አውራ ጣት የምታህል ቦታ ላልታ ነበር። የላላውን ፍቃ አነሳችና አመድ ጠቀጠቀችበት፣ ያን ጎኑን ነፋስ እንዲያገኘው ወደ ላይ አደረገችው።

«በቃ እንቁረጠው» አልኳት። «ግማሹን በሚኒባስ እንልክላቸዋለን፣ ዛሬውኑ ይደርሳል።»

«ዱባውንስ እኔ ላክሁላት። እሷን ማን ይልክልኛል?»

ስለ ዱባ ሳስብ መክረሜ አሳፈረኝ፤ በጣም አዘንኩላት።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አንዲት ባጃጅ በራችን ላይ ቆመች። እትዬ በልጃቸው ተደግፈው ወረዱ፤ ከሲታ ሆነዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ልጃቸው ገና ሳትቀመጥ የመጡበትን ነገረችን። ቤቱን ሊያከራዩት ነው፣ ዕቃቸውን ይዘው በማግስቱ ይመለሳሉ። እናቴ «ጤናዋ ይበልጣል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ዱባውን አውርጂልኝ አለችኝ። ተቀብላኝ እትዬ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ውሰጂው» አለች። «ሙሉውን ነው።»

እትዬ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንጓ አንኳኩት። አመዱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ምን ያህል እንደተጠበቀ ገባቸው።

«እዚያ ከማን ጋር ልካፈለው?» አሉ።

እናቴ ተነስታ ቢላዋውን አመጣችና ራሷ ቆረጠችው። ውስጡ ቀይ፣ ደረቅ ያለ፣ ደህና ዱባ ነበር። እትዬ ሁለቱን ግማሾች ሲያዩ ቆዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የተቆረጠ ዱባ መንገድ አይችልም። እስኪያልቅ እዚህ ነኝ። አንቺ ሥራ አለሽ፣ ሂጂ።»

ልጃቸው «እማዬ፣ ዱባ እኮ ነው» አለች። እሳቸው ነጠላቸውን አውልቀው አጠፉት።

ልጃቸው በማግስቱ ብቻዋን ተመለሰች። ከዚያ ጀምሮ ዱባው የሚሠራው እኛ ቤት ሆነ። ሳህኔን ካልጨረስኩ ዕድሜ ልኬን የምትቆጣኝ እናቴ ለእያንዳንዳችን አንዲት ቁራጭ ብቻ ታወጣለች። እትዬ ያቺንኑ ለሁለት ከፍለው ግማሿን ወደ ድስቱ ይመልሳሉ። ስለ ጉልበት፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ተከራይ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ አይቸኩሉም። በሦስተኛው እራት ላይ እኔ ርቦኝ ስለነበር ለመድገም እጄን ወደ ድስቱ ዘረጋሁ። እናቴ ድስቱን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ለነገ ይቆይ» አለችኝ።

እጄን ሰበሰብኩና እንጀራውን ብቻ በላሁ።