በምንጩ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው መዳፍ

መራጊዋ አፈሩን በወንፊት ትነፋለች፣ ጠጠሩን ትለቅማለች፣ ጭዱን አድቅቃ ትነሰንስበታለች። ውሃ አርከፍክፋ ከረገጠችው በኋላ በጆንያ ሸፍና ታቦካዋለች። ሲቦካ ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ መሀል ታድቦለቡለዋለች። ከተሰነጠቀ ጭድ ይጎድለዋል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ አፈር። ሲስማማት በግራ እጇ ግድግዳው ላይ ውሃ ትረጫለች፣ በቀኟ ጭቃውን ትለጥፋለች፣ በመዳፏ ከታች ወደ ላይ ትገፋዋለች። በመጨረሻ በሩ አጠገብ ቀኝ እጇን ጫን አድርጋ ታነሳለች። ፊርማዋ ነው። በዓመቱ የሚመርገው ሰው የማን ሥራ እንደነበረ ያያል፤ ከዚያ በላዩ መርጎ የራሱን መዳፍ ያትማል።

በረሃው መሀል ያለውን ምንጭ ከብቦ የቆመው ቤት የጥንት ነው። ግመል ነጂዎች ያርፉበት እንደነበር ይወራል፤ ማን እንደሠራው ግን የሚያውቅ የለም። ምርጊቱ ግን ሁልጊዜ የአምና ነው። ጨዋማው ርጥበት ከሥሩ እየበላ ስለሚወጣ በየዓመቱ ካልመረጉት ይፈርሳል።

የመጨረሻውን መዳፍ ያተመችው የመራጊዋ እናት ነበረች። ትንሿ ጣቷ የጣሪያ ወራጅ ወድቆባት ወደ ውጭ የጎበጠች ስለነበረች ግድግዳው ላይም ትለያለች። እናትየው ሞተች። መራጊዋ የጎረቤቱን ሁሉ ቤት ስትመርግ የምንጩን ቤት ብቻ ዘለለችው። ያንን መዳፍ በጭቃ መሸፈን ሁለተኛ መቅበር መሰላት። «በሚቀጥለው ሳምንት» አለች። ዓመት ሄደ፣ ሌላም ተከተለ።

አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ አስጎብኚው ታናሽ ወንድሟ ጎብኚዎች ሰብስቦ ጉሮሮውን ሲጠርግ ደረሰች።

«ይህ እጅ የሺህ ዓመት ዕድሜ አለው! ምንጩን ያስቆፈረችው ንግሥት እጅ ነው። መዳፉን የገጠመበት ዕድሜው ይረዝማል።»

መራጊዋ ክው አለች። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። ንግሥት? ያቺ ንግሥት እኮ ይሄንኑ አፈ ጮሌ በጭቃ እጇ በጥፊ ያጮለች ሴት ናት!

«አንተ! እናታችንን ነው ንግሥት ያደረግካት?»

«እትዬ፣ በእናትሽ ቀስ በይ፣ እንግዳ አለ» አለ በሹክሹክታ። «ከፍ አደረግኳት እንጂ መች አዋረድኳት? ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አንቺም ጭቃ ይዘሽ ቀርተሻል።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጎብኚዎቹ ተሰልፈው መዳፋቸውን በየተራ ይጭናሉ። ጠጋ አለች። የጎበጠችው ጣት የለችም። ስንት እጅ ሲያሻሸው ኖሮ፣ የቀረው የማንም ያልሆነ ልሙጥ ጎድጓዳ ነው። ዓይኗን ማመን አቃታት። ዝቅ ብላ የግድግዳውን ሥር በጉልበቷ ስትጫነው ደግሞ ስርጉድ አለ። እጇን ሰደደች፤ እስከ አንጓዋ ገባ። ውስጡ ባዶ ነው።

«ራቁ! ሁላችሁም ከግድግዳው ራቁ!»

ሰዉ እየተጋፋ ወደ ኋላ ሲል፣ የበርጩማ ያህል የሚሆን ጓል ተገምሶ የቆሙበት ቦታ ላይ ዱብ አለ።  የወንድሟ ፊት አመድ መሰለ።

«ሰው ልፈጅ ነበር፣ እትዬ።»

«ልንፈጅ ነበር በል። የተውኩት እኔ ነኝ። አሁን ጫማህን አውልቅና ጭቃ ርገጥ።»

ቤቷ የቦካ ጭቃ ነበራት፤ አስመጣች። ሥሩን በጥሬ ጡብ ሞሉት። መዳፉ ጋ ደረሰች። አንድ ጊዜ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ውሃ ረጨችበት፤ ከታች ወደ ላይ ገፍታ ሸፈነችው። ከጎብኚዎቹ አንዷ «ውይ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። መራጊዋ የራሷን መዳፍ አተመች።

«ይኼኛውስ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች ሴትየዋ ደንግጣ።

«ገና አልደረቀም።»

ወደዚህ ምንጭ የምትመጡ ሰዎች፣ መራጊዋ አንድ ነገር ትለምናችኋለች፦ «በሩ አጠገብ ያለውን እጅ ዕድሜውን ሳይሆን የማን እንደሆነ ጠይቁ። አትንኩት። ከሥሩ ረጠብ ብሎ ካያችሁት ግን ሳታልፉ ንገሩኝ፤ ከምንጩ ከፍ ብሎ ጭቃ በጆንያ የተሸፈነበት ደጅ የኔ ነው፣ አንኳኩ።»