ያለ ስም የጻፍኩት ሞት

እኔ ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ በሩን ሲገፋው እንኳ ክው እላለሁ፤ መጀመሪያ የሚመጣብኝ «ደግሞ ምን ሆነ?» ነው። ዘመኑም ለፈሪ የሚመች አይደለም።

እንዲህ ያለች ሴት ኢንተርኔት ላይ የራሷን ገጽ ከፈተች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ጥፋቱ የአንድ የማላውቀው ሰው ነው። ሥራ በጠፋበት ቀን ኮምፒውተሩን ስጎረጉር፣ ስለ አሮጌ ራዲዮ ጥገና ብቻ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ገጽ አገኘሁ። ማስታወቂያ የለው፣ ጩኸት የለው፣ «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ» የለው። ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል፣ በቃ። «ዛሬ አንድ ራዲዮ ስፈታ ውስጡ የደረቀ ሸረሪት አገኘሁ» ይላል። እኔ ራዲዮ የለኝም፤ ግን ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ አነበብኩት። ሶሻል ሚዲያ ስከፍት የሚይዘኝ ፍርሃት እዚያ ስገባ ለቀቅ ያደርገኝ ነበር። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ማንንም ሳይሳደብ፣ ስለሚወደው ነገር ይጽፋል። ታዲያ እኔስ ምን ያንሰኛል አልኩ።

ጀመርኩ። የእኛ አገር በዜና የሚነሣው ወይ ሰው ሲሞት ወይ መንገድ ሲዘጋ ነው። እኔ ስለ ጭጋጉ ጻፍኩ፤ ስለ ገብስ ዓይነቶች ጻፍኩ፤ ገበያ ላይ ሲጣሉ ውለው ማታ አብረው ስለሚመለሱ ሁለት ሴቶች ጻፍኩ። የሰው ስም ግን አልጠራም። ስም ያልጠራ ጣጣ የለበትም ብዬ ነው።

አንባቢዎቼ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሁሉም የማትቀረው ደብረ ብርሃን ያገባችው የጎረቤታችን ልጅ ናት። በጻፍኩ ቁጥር ትደውልና «እታለም፣ እነዚያን ሴቶች እኮ አወቅኳቸው!» ብላ ትስቃለች። ከዚያ «በይ አባዬን አገናኚኝ» ትላለች። አባቷ ስልክ የላቸውም፤ ቤታቸው ከሱቄ ጀርባ ስለሆነ ስልኬን ይዤላቸው እሄዳለሁ። እሳቸው ባና ሠሪ ነበሩ፤ ያንን ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ሲሠሩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት።

አንድ ሰኞ ሞቱ። ታመው እንኳ አልሰነበቱም። ልጃቸው ቀብር ላይ አልነበረችም፤ አራስ ናት፣ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነበር። አራስ መርዶ አይነገራትም። ይህን አጥቼው አይደለም፤ የአገሩ ልጅ ነኝ። ግን ከቀብር ስመለስ ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ፣ እያለቀስኩ ጻፍኩ። ሠርተው የጨረሱትን ባና ለባለቤቱ ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው አንድ ሌሊት ለብሰውት ያድሩ እንደነበር፣ «ብርድ ያልፈተነውን ለሰው አልሰጥም» ይሉ እንደነበር ጻፍኩ። ዛሬ አፈር ለበሱ ብዬ ጨረስኩ። ስም አልጠራሁም። መናገር በአፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ገጼ ላይ አወጣሁትና ፊቴን ታጥቤ ወደ ለቅሶው ቤት ሄድኩ።

እዚያ የሟች ታላቅ ወንድም ብድግ አሉ። «ስሙኝማ! ልጃችን አራስ ናት። ድንገት ብትሰማ ወተቷ ይነጥፋል፤ ደንግጣም ልትሞትብን ትችላለች። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣ፣ ከዚያ በወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ ትንፍሽ የሚል ሰው ካለ የእሷም የልጁም ነፍስ በእጁ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ባንቺ ስልክ ነው የምታገኘው። ስትጠይቅሽ ለወገቡ ጠበል ሄዷል በያት።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር የታየኝ። ባና ለብሶ አድሮ የሚሰጥ ሌላ ሰው በመንዝ የት አለ? እሷ ግማሹን መስመር እንኳ ሳትጨርስ ታውቃቸዋለች።

ሳልሰናበት ወጥቼ ልደመስሰው ወደ ሱቄ ሮጥኩ። መብራት የለም። ስልኬን አወጣሁ፤ መደወል ይቻላል፣ ዳታው ግን ጥፍት ብሏል። ምነው ከጽሑፉ በፊት ቢጠፋ! ምነው እጄን በቆረጠኝ!

አራት ቀን እንደዚያው ቆየ። እህል አልወርድ አለኝ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር «ሞተች» ሊሉኝ ነው እላለሁ፤ ያንን አይቼው የማላውቀውን ሕፃን እናት አልባ አድርጌው ይታየኛል። ለማን እናገራለሁ? ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ግን ሆዴ ውስጥ ነቀዘ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዳታው መጣ። ገጼን ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ነው። አሁን ሠላሳ አንድ ይላል። ሠላሳ አንድ ሰው! አገር ሰምቷል በሉኛ! ከነዚህ ሁሉ አንዱ ሳይነግራት ይቀራል? ደመሰስኩት። ለራሴ እንኳ ቅጂ አላስቀረሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ደወለች። «እታለም፣ ደህና ነሽ?» ድምፅዋ ደህና ነው። ስለ ልጁ አጠባብ፣ ስለ ገንፎው፣ ስለ አማቷ ትእዛዝ አወራችልኝ። እኔ የጠበሉን ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። «በይ ቻው፣ ልጁ አለቀሰ» ብላ ዘጋችው። አባቷን ሳትጠይቅ ስልክ ዘግታ አታውቅም። ሰምታለች? ወይስ ልጁ ሐሳቧን ወስዶት ነው? ማታ አጎቷ «ጠየቀችሽ?» ሲሉኝ «አዎ፣ ጠበል አልኳት» አልኩ። ለእሷ ያዘጋጀሁትን ውሸት ለእሳቸው ዋሸሁት።

የፈሩት ይደርሳል፤ ክርስትናውም ደረሰ። በሦስተኛው ቀን መርዶ እንዲሄዱ የተመረጡት አጎቷ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔው ሆንን። «ደግፋ የምትይዛት ሴት ታስፈልጋለች፤ ካንቺ የሚቀርባት የለም» አሉኝ። እንቢ ብል ምክንያቴ ምን ይሆናል? ሚኒባሱ ውስጥ ሰላም ለኪ ስደግም ደብረ ብርሃን ገባን። ዘመድ ቤት አድረን ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳን።

ራሷ ከፈተች። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቆመናል። አጎቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ «አባዬን!» ብላ ጮኸች፤ ደረቷን ደቃች፤ እንዳትወድቅ ያዝኳት። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለችው። አሁን ትናገራለች አልኩ፤ አሁን በሽማግሌ ፊት «ይቺ ናት ያረዳችኝ» ትላለች። አላለችም። ክንዴን ጨምድዳ ይዛ አለቀሰች።

በሰልስቱ፣ ለቅሶ ደራሹ ሳሳ ሲል፣ ጓዳ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። ልጇን ጡት አስያዘችና «አንብቤው ነበር» አለችኝ። «የዚያኑ ዕለት።»

«እግርሽ ላይ ልውደቅ! በእግዚአብሔር ይቅር በይኝ፣ እኔ እኮ...»

«ስለ ጻፍሽው አይደለም የተቀየምኩሽ።»

«ታዲያ በምን?»

«ስላጠፋሽው ነው። እዚህ ቤት ሁሉም እያወቀ፣ እየሳቀ ገንፎ ያጎርሰኛል። እኔም እስቃለሁ። ባለቅስ ማወቄን ያውቃሉ፤ ለእኔ ብለው የተጨነቁት ሁሉ መና ይቀራል። ሽንት ቤት እገባና እሱን አንብቤ፣ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ። በቀን ስንቴ! አንድ ጠዋት ብከፍተው የለም። አባቴ የሞተብኝ ያን ዕለት ነው፣ እታለም።»

ሠላሳ አንድ ሰው አልነበረም። እሷ ነበረች። አገር ሙሉ ሰማ ብዬ የፈራሁት አንዲት አራስ ነበረች፤ ብቻዋን የምታለቅስበትን ቦታ በገዛ እጄ ዘጋሁባት። አፈርኩ። አፍሬም አላውቅ እንዲያ።

«መልሰሽ አውጪው» አለችኝ።

«የለኝም፤ አንድም ቅጂ አላስቀረሁም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችና «እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ጻፊ» አለች።

ስልኬን አውጥቼ ያለችኝን ጻፍኩ። እኔ የረሳሁትን ሁሉ ይዛዋለች። መጨረሻው ጋ ስትደርስ አላቆመችም፤ «ልጃቸውም ሰማች፤ ብቻዋን አለቀሰችላቸው» ብላ ቀጠለች።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አልኳት።

«የእኔ ነው። አስገቢው።»

«አጎትሽ ቢሰሙስ?»

«ይስሙ።»

አስገባሁትና ገጼ ላይ አወጣሁት።