የጭልፋው ጀርባ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ንጉሤ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ብሩን እጠቢው» የሚል ነበር። ጋሽ ንጉሤ የጨረታ ቤቱ ባለቤትም አጫራችም ናቸው። እኔ ደግሞ ከንግድ ትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣሁ፣ ብር ሲባል ኪስ ውስጥ የሚገባውን ብቻ የማውቅ ልጅ ነበርኩ። የሚታጠበው ብር የት እንዳለ ስፈልግ ቆየሁና ጨንቆኝ ካዝናውን እንዲከፍቱልኝ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ንጉሤ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን የጠቆረ ማንኪያና ሹካ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«እዚህ ቤት ብር ማለት ይሄ ነው። ያኛው ገንዘብ ይባላል» አሉኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሁለቱን አደባልቄ አላውቅም።

ቤታችን ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጨረታ ሲኖር የጋሽ ንጉሤ መዶሻና የጎረቤታችን የላሜራ ቀጥቃጭ መዶሻ ይቀላቀሉብን ነበር። አንድ ደንበኛ የጋራዡን ሰምቶ «በቃ፣ የእኔ ሆነ» ብሎ ትሪውን ለማንሣት ተነሥቷል። ትሪው ገና መነሻ ዋጋው እንኳ አልተጠራም ነበር።

የመጣልን ዕቃ ብዙው አገር ከሚለቁ የውጭ ሰዎች ቤት፣ የቀረው ከድሮ ትልልቅ ቤቶች ነው። ወንበርና ምንጣፍ የሚገምቱ ሌሎች ነበሩ። የእኔ ድርሻ የገበታ ብር ሆነ፤ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ቢላዋ፣ ትሪ፣ ጭልፋ። ዕቃ ተቀባይ ሆኜ ገባሁ፣ ረዳት ገማች ሆንኩ፣ በኋላ ዋና ገማች ተባልኩ። ዋና የተባልኩት ከእኔ በታች ማንም ስላልነበረ ነው እያሉ ጋሽ ንጉሤ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ እንጂ እኔ ሳላየው አንድም ማንኪያ መድረክ ላይ አያወጡም ነበር።

አሠራሩን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ መሣሪያ መጨረሻ። ማንኪያውን መዳፍሽ ላይ አስቀምጠሽ ክብደቱን ታዳምጫለሽ። በጥፍርሽ መታ አድርገሽ ድምፁን ትሰሚያለሽ። ከዚያ ማግኔት፣ ከዚያ ዓይን ላይ የምትገጠመው ማጉያ፣ ሁሉም ካላረካሽ መፈተኛው ድንጋይና አሲዱ። ቅብ ከሆነ ሆዱ ጠረጴዛ የሚነካበት ቦታ ላይ ቢጫው ነሐስ ብቅ ይላል። እዚያ ቦታ ላይ ውሸት ብዙ አይቆይም።

ማንኪያ የበላበትን ሰው ይናገራል። በቀኝ እጅ ሾርባ የጠጣ ሰው የማንኪያውን ጫፍ በግራ በኩል ይበላዋል፤ ግራኝ ከሆነ በተቃራኒው። የእኛ አገር ቤቶች ብር ግን ጫፉ እንደ አዲስ ነው። ቡፌ ውስጥ ተደርድሮ ከእንግዳ ጋር ሲተያይ ኖሯልና። የሚያልቀው ፊቱ ነው፤ በየበዓሉ በአመድና በሎሚ ስለሚፈተግ ጌጡም ፊደሉም ይሟሟል። ባለሙያ የሆነች የቤት እመቤት ያስቀመጠችው ብር ጠላት የለውም፣ ከራሷ በስተቀር።

ደንበኛ መቆጣቱ የሥራው አካል ነው። አትላስ አካባቢ ምግብ ቤት ያለው አንድ ሰውዬ ሙሉ የሹካ ስብስብ አምጥቶ ንጹሕ ብር ነው ብሎ በእናቱ ማለ። ማግኔቴን ጠጋ ባደርግ ሹካው ዘሎ ተጣበቀ። ሰውዬው ሹካውን አየ፣ እኔን አየና ማግኔቴ መበላሸቱን ነገረኝ። በትሕትና አመስግኜ ሹካዎቹን መልሼ ጠቀለልኩለት። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ እንኳ ወጣቶቹ በስልክ ፎቶ አንሥተው «ኦሪጅናል ነው፣ ጉግል አድርጌዋለሁ» ይሉኛል። ለእነሱም ማግኔቱን አወጣለሁ።

ጋሽ ንጉሤ የማይደራደሩበት አንድ ሕግ ነበራቸው። አመጣጡ ያልታወቀ ዕቃ አይጫረትም። የማን ነበር፣ በምን ወደ አንተ መጣ፣ ይህ ካልተመለሰ ዕቃው የፈለገውን ያህል ቢያምር ወደመጣበት ይመለሳል። በዚህ ሕግ ምክንያት ብዙ ገበያ አጥተናል። ስማችን ግን አልጠፋም።

እትዬ ዘውዴ የመጡት በዚህ ሕግ ላይ ነው። ጉርድ ሾላ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። አሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ቶሎ አነሡ። ፈታሁት። ማንኪያዎች፣ ሹካዎችና አንድ ትልቅ የሾርባ ጭልፋ ነው። ሁሉም ፊታቸው ላይ ሁለት የፈረንጅ ፊደል በሐረግ ተከቦ ተቀርጾባቸዋል። እጄ ገና ሲነካቸው ብር መሆናቸውን አውቋል።

አመጣጡን ስጠይቃቸው አልሸሸጉኝም። አባታቸው አቶ በቀለ በድሮ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ቤት አሳላፊ ነበሩ፤ ገበታ ላይ ሾርባውን በጭልፋ የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። ነጋዴው አገር ለቆ ሲሄድ ዕቃው አቶ በቀለ ቤት ተገኘ። አቶ በቀለ ሰጠኝ አሉ። ሰፈሩ ግን በመሄጃው ግርግር ያነሡት ነው አለ። አሉባልታው አቶ በቀለን ቀብሮ ቀጠለ። የእትዬ ዘውዴ ወንድም እንኳ እስኪሞት ድረስ አባቱ ሰርቋል ብሎ ያምን ነበር።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ አላውቅም፣ ልጄ። አለማወቁ ነው የገደለኝ» አሉ።

ለመሸጥ የወሰኑት በቅርቡ ነው። የልጅ ልጃቸው በፋሲካ ገበታ ላይ እንግዶች ፊት «ይሄ ቅድመ አያታችን ያነሡት ብር ነው» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሐሜቱ አባታቸውን ከማያውቅ ልጅ አፍ ሲወጣ ልባቸው ስንጥቅ አለ። የማንም ስም ሳይጠራ ተሽጦ ከቤታቸው እንዲወጣላቸው ፈለጉ።

አባትየው ራሳቸው ስለዕቃው ምን ይሉ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ምን ይላል? ቁጡ ነበር፤ ማስረዳት አይወድም። ስንጠይቀው ‹ስሜ አለበት፣ እንዳትሸጡት› ብቻ ይላል። ክብሬን አደራ ማለቱ ነዋ። አሁን እኔ ልሸጥለት ነው» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ጋሽ ንጉሤ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። የሌላ ሰው ፊደል ያለበትን ዕቃ፣ ያውም ሐሜት አጅቦት የመጣውን፣ መድረክ ላይ እንደማያወጡ ነገሩኝ። ትክክል ነበሩ። እኔም ብሆን አላወጣውም። ብቻ እትዬ ዘውዴን እንዲሁ መመለስ ከብዶኝ ዕቃውን እንድመረምረው ትንሽ ጊዜ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ ፈቀዱልኝ።

ማንኪያዎቹንና ሹካዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ፊታቸው በአመድ ተፈትጎ ፊደሉ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ጭልፋውን አነሣሁ። ፊቱ እንደሌሎቹ ያበራል፤ ጀርባው ግን ከሰል ነው። ቡፌ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ስለኖረ ማንም አላጸዳውም። የአምራቹ ማህተም ብዙ ጊዜ ጀርባ ላይ ስለሚመታ በለስላሳ ጥጥና በሳሙና ውኃ ቀስ አድርጌ ማበስ ጀመርኩ። በአሸዋ ወይም በአመድ አልፈተግኩትም፤ የቅርጹ ጥቁር መስመር ከወጣ ንባቡም አብሮ ይወጣል።

መጀመሪያ ማህተሙ ወጣ። ከማህተሙ በላይ ሐረግ ነበረ፤ ፊት ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት። መሐሉ ላይ የታጠፈና የከበበ ነገር ይታያል፤ አበባ ነው ብዬ አለፍኩት። ማህተሙ ለዓይኔ ስላልተመቸ ጭልፋውን አዞርኩት፤ ሾርባ የሚቀዳበትን ሳህኑን ወደ ላይ፣ እጀታውን ወደ ታች። ያኔ አበባው አበባ መሆኑ ቀረ።

በ። ቀ። ለ።

ማጉያውን ከዓይኔ አውልቄ ጠረግኩት። እንደገና ገጠምኩት። ፊደላችን ነው፤ ተዘቅዝቆ ነው የተቀረጸው። በዋ ተገልብጣ ሀ መስላለች፣ ቀዋ ከሐረጉ ፍሬ አትለይም፣ ለዋ ደግሞ እግሮቿን ወደ ሰማይ ሰቅላለች። ቡፌው ውስጥ በተቀመጠበት አኳኋን አንሥቶ ጀርባውን ያየ ሰው ቢኖር እንኳ ጌጥ ነው ብሎ ነበር የሚመልሰው።

ጋሽ ንጉሤን ጠራኋቸው። የራሳቸውን ማጉያ አምጥተው ቆመው አዩ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀምጠው አዩ። ደስታዬን ግን ወዲያው አልተካፈሉኝም። አንድ ሌባ ዕቃውን የራሱ ለማስመሰል በኋላ ስሙን ሊያስቀርጽበት እንደሚችል አነሡብኝ። ገማች ሲጠየቅ ደስ ሊለው ይገባል፤ እኔም ደስ አለኝ።

ፊቱንና ጀርባውን ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ሐረጉ በአንድ እጅና በአንድ መሣሪያ የተቆረጠ ነው፤ የቅጠሉ ጫፍ ሁለቱም ጋ በአንድ ዓይነት ጭረት ያልቃል። ነጋዴው ጭልፋውን መጀመሪያ ፊደሉን ወደቀረጸለት ሰው፣ ወደ አገሩ ልኮ ነው ስሙን ያስጨመረው። ያ ቀራጭ ፊደላችንን አያውቅም። ወረቀት ላይ ተጽፎ የተላከለት ስም ሥዕል መስሎት፣ ራሱን ከእግሩ ሳይለይ ገልብጦ ቀረጸው። የፒያሳ ብር ሠሪ ቢሆን ኖሮ ቀና አድርጎ፣ ምናልባትም የአባቱን ስም ጨምሮ ይጽፈው ነበር።

ጋሽ ንጉሤ ጭልፋውን በሁለት እጃቸው አስቀመጡ።

«ሌባ ስሙን ባሕር ማዶ ልኮ አያስቀርጽም» አሉ። «በይ ሴትየዋን ጥሪያቸው።»

እትዬ ዘውዴ ዕቃውን ልመልስላቸው የጠራኋቸው መስሏቸው ባዶውን የትራስ ልብስ አጣጥፈው ይዘው መጡ። ጭልፋውን ገልብጬ ሰጠኋቸው፣ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ያዝኩላቸው። እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ስሙን ጨረሱ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡ።

«ስሜ አለበት ሲል…» አሉና ጭልፋውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «እኛ ክብሩ መስሎን። ሰውዬው ስሜ አለበት እያለ!» አሉ።

ከዚያ አለቀሱ፣ እያለቀሱም ሳቁ። አንድ ቀን እንኳ ገልብጠው አለማየታቸው፣ ያን ሁሉ ዘመን አመድ እየፈተጉ ፊቱን ብቻ ማየታቸው አሳቃቸው። የሚያሳዝነው ወንድማቸው ይህን ሳያይ መሞቱ ነበር፤ ይህንን ደጋግመው አሉት። እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ንጉሤ የስልክ ጥሪ እንዳለባቸው ሆነው ወደ ውጭ ወጡ፤ ስልካቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሲመለሱ የነጋዴነት ወጋቸውን አልረሱም። አሁን አመጣጡ ስለታወቀ ዕቃው መድረክ ላይ ሊወጣ እንደሚችል፣ ስሙም ዋጋውን ከፍ እንደሚያደርገው አስረዷቸው። እትዬ ዘውዴ የትራስ ልብሱን ዘርግተው ማንኪያዎቹን መሰብሰብ ጀምረው ነበር። እንደማይሸጥ በአጭሩ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ንጉሤ ባገኙኝ ቁጥር ያንን ብር አባረርሽብኝ ይሉኛል፤ ለሰው ሲያወሩት ግን ስሙን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጉርድ ሾላ ቤታቸው ጠየቅኋቸው። ጭልፋው ቡፌው መሐል ላይ ነው፤ በፊቱ ተደፍቶ፣ ሳህኑ ወደ ላይ፣ እጀታው ወደ ታች። የቀለደው የልጅ ልጃቸው እዚያው ነበር። አንዲት እንግዳ ጭልፋው ተገልብጦ መቀመጡን አይታ ልታቃናው እጇን ብትዘረጋ ልጁ ቀደማት። «ተዪው፣ ልክ ነው። የቅድመ አያታችን ስም አለበት» አላት።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። የዕቃውን ፊት ሻጩ ያሳያችኋል፤ ጀርባውን እናንተ ገልብጡ። ሰው ስም አለበት ካላችሁም፣ ስም ፈልጉ።