በስፓኒሽ የሚያናግረው ያጣ ሰው

ሸዋ ሮቢት ገብታችሁ «ተክሌ ኩባ» ካላላችሁ በቀር ተክሌን የሚያሳያችሁ ሰው አልነበረም። ተወላጅነቱ ግን እዚያው ቀወት ወረዳ ነው። አባቱ በሶማሊያ ጦርነት ሞቱ። በ1971 ዓ.ም. መንግሥት የወታደር ልጆችን ለትምህርት ወደ አንዲት የኩባ ደሴት ሲልክ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ተክሌም ከአሰብ በመርከብ ተሳፈረ። እናቱ «ቶሎ ተመለስ» አሉት፣ ገበያ እንደሚልኩት ሁሉ። የተመለሰው በ1985፣ የእርሻ ዲግሪውን ይዞ ነው። የላከው መንግሥት ወድቋል፤ እናቱም ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር።

ወረዳው ግብርና ቢሮ ተቀጥሮ በሮቢ ወንዝ ዳር የሽንኩርትና የማሾ ማሳ ሲዞር ይውላል። አማርኛው ተጣሞ ስለነበር ገበሬው ይስቅበታል። ውሎ አድሮ አማርኛው ተቃና፣ ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቀውም። ሚስት አላገባም። አንዴ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ እነማንን እንደሚልክ ቢቆጥር፣ ከቢሮ ባልደረቦቹ ሌላ ሰው አጣና ተወው።

ከሁሉ የከበደው ስፓኒሹ ነበር። የልጅነት ጨዋታው፣ ስድቡ፣ የመጀመሪያ ፍቅሩ ሁሉ ያለፈው በዚያ ቋንቋ ነው፤ እዚህ የሚያናግረው የለም። ከማሳ ማሳ ሲሄድ ለራሱ ያወራ ነበር። አንድ ጠዋት ሽንኩርቱ ላይ ያረፈውን ጤዛ አይቶ በስፓኒሽ ሊጠራው ቢል ቃሉ ጠፋበት። ሦስት ቀን አሰበው፣ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ለራሱ ማውራቱንም ፈራው፤ ሌላ ምን እንደጎደለው ማወቅ አልፈለገም።

በ2001 ጥር ላይ የጨርቅ ነጋዴዋ የራህመት ልጅ ሐጂራ ቢሮው ድረስ መጣች። ዲቪ ደርሷታል። ቴክሳስ ያለው አጎቷ የምትገባበትን ኮሌጅ ወረቀት ልኮላታል።

«ጋሼ ተክሌ፣ እንግሊዝኛ ሳጠና ከርሜ ጉድ ሆንኩልዎ» አለችው። «ከተማው የሜክሲኮ ድንበር ላይ ነው አሉ። ከኮሌጁ ተማሪ ከመቶው ሰማንያው ስፓኒሽ ተናጋሪ ነው።»

ተክሌ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ብዙ እንደሆኑ፣ ከተማሪያቸው ሩቡ ከስፓኒሽ ተናጋሪው ወገን ከሆነም መንግሥት ለይቶ እንደሚደጉማቸው ይላል። እነዚያን ልጆች ቆጥሮ የሚፈልግ ትምህርት ቤት መኖሩ ገረመው። እሱን ስለ ቋንቋው የጠየቀው መሥሪያ ቤት የለም፤ ዲግሪው ተተርጉሞ እስኪጸድቅ እንኳ ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀምጧል።

«አንቺስ ምን ፈለግሽ?» አላት።

«እዚያ ሄጄ ብቻዬን እንዳልሆን ነዋ። ያስተምሩኛል?»

ትምህርቱ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ራህመት ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ እናት እያየች ሆነ። ሐጂራ ቶሎ ያዘች። ስትሳሳት ተክሌ ከልቡ ይስቃል።

«ይህ ሰው ጥርስ ነበረው እንዴ?» አለች ራህመት አንድ ቀን።

የነገውን ትምህርት ሲያዘጋጅ የጠፉት ቃላት አንድ በአንድ ይመለሱለት ጀመር። ጤዛም መጣ። ፊቱን እየታጠበ ሳለ ድንገት «ሮሲዮ!» ብሎ ጮኸ።

ሐምሌ ላይ ሐጂራ ሄደች። መናኸሪያው ላይ ዘመድ ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ዳር ይዞ ቆመ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ በስፓኒሽ «እንዳይረሱኝ!» አለችው። በአማርኛ እንደመለሰላት ለራሱ የታወቀው ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ራህመት ወደ ሱቋ አስጠራችው። የደወለችው ሐጂራ ናት። «ጋሼ፣ አንዲት የክፍሌ ልጅ ላናግርዎ ብላለች» ብላ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት። ተክሌ ከሐጂራ ሌላ በስፓኒሽ የሚያናግረው ሰው ሲሰማ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ቃል እየመረጠ ተናገረ፤ ኋላ ግን ቋንቋው እንደ ውሃ ወረደለት።

«ከኩባ የት ነዎት?» አለችው ልጅቷ። «የአያቴ ጎረቤቶች ልክ እንደርስዎ ነው የሚናገሩት።»

ኢትዮጵያዊ ነኝ ሊላት ነበር። ደስ ብሎት ስለነበር ግን ተወው። «ከደሴቷ» አላት።

ልጅቷ ስትስቅ ከኋላዋ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል፣ ሁሉም በዚያ ቋንቋ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ራህመት ከእጁ እስክትቀበለው ድረስ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የሐጂራ ስልክ እየራቀ ሄደ። ትምህርት አለ፣ ሥራም ጀምራለች። በ2004 ተመረቀች። ተክሌ በሱቁ በኩል ሲያልፍ ራህመት ጠርታ ፎቶውን አሳየችው፤ ሐጂራ ቆቧን ደፍታ፣ ከስድስት ሰባት ጓደኞቿ ጋር ተቃቅፋ ትስቃለች። ተክሌ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። በስልክ ያናገረችው የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ አልቻለም።

«ሰላም ብላሃለች፣ ተክሌ ወንድሜ» አለች ራህመት፣ ዓይኗን ጨርቁ ላይ ጥላ።

ሐጂራ እንዳላለች ገባው።

«እኔም ሰላም ብያታለሁ በያት» አለና ፎቶውን መለሰላት። ትል ገብቶበታል የተባለ የሽንኩርት ማሳ ነበርና ባጃጅ ይዞ ወደዚያው ሄደ።