የወለተ ኪዳን ቀኖና

ሚስቴ ወለተ ኪዳን ድንገት ደስተኛ ሆነችብኝ።

እሷ ደብረ ማርቆስ ገበያ ድንች ትሸጣለች፤ እኔ ወፍጮ ቤት አለኝ። በቁርባን ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ ስትጠላ አላየኋትም፤ ስትስቅም አላየኋትም። ገበያው ቢደራ ታጉረመርማለች፣ ቢቀዘቅዝም ታጉረመርማለች። የማውቀው ኩርፊያ ስለሆነ አያስጨንቀኝም ነበር።

የጽጌ ጾም ከገባ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ድንቿን ስትለቅም ታዜማለች። ራት ስታቀርብልኝ ፊቴን ትክ ብላ ታይና ፈገግ ትላለች። "ምን አየሽ?" ስላት፣ "ምንም" ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ያየችው ፊት ላይ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ? ወፍጮ ቤት ደግሞ የማይወራ ነገር የለም። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች የሰውን ትዳር ሲፈጩ ስሰማ ነው የምውለው። ሆዴ ሻከረ።

አንድ ቀን ከእመቤታችን ሥዕል ኋላ የተሸጎጠ ስኒ አገኘሁ። ውስጡ የአተር ፍሬ አለ። ቆጠርኩት፤ ሠላሳ ነው። በማግስቱ ሠላሳ አንድ ሆነ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የንስሐ አባቴ የሰጡኝ ቀኖና ነው፤ አርባ ቀን። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።"

አርባ ቀን! ለቁጣና ለሐሜት ጥቂት ቀን ስግደት እንደሚታዘዝ አውቃለሁ፤ እኔም ስንት ጊዜ ሰግጃለሁ። አርባ ቀን የሚያሰጥ ኃጢአት አንድ ብቻ መሰለኝ። እሱ ከሆነ ደግሞ ቁርባኑም ቀረ፣ ቤታችንም ፈረሰ።

በማግስቱ ወፍጮውን ዘግቼ ወደ ንስሐ አባቷ፣ ወደ መምሬ ኃይለ ሚካኤል ሄድኩ።

"መምሬ፣ ሚስቴ ምን አድርጋ ነው?"

"ልጄ ይታያል፣ የሰማሁትን ረስቼዋለሁ" አሉኝ ስሜን ጠርተው። "አንተስ ንስሐ ከገባህ ስንት ጊዜ ሆነህ?"

ነገሩን ማድበስበሳቸው ይበልጥ አንገበገበኝ። በቀጥታ ገበያ ወርጄ፣ ድንቿ ፊት ቆሜ፣ "ሰውየው ማነው?" ብዬ ጮኽኩ። ገበያተኛው ሁሉ ዞረ።

ወለተ ኪዳን ቀስ ብላ ተነሳች። ድንቹን በማዳበሪያ ሸፍና ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ሰውየው አንተ ነህ" አለችኝ። "በአንተ አንድ ቀን እንኳ ደስ ሳይለኝ፣ ተመስገን ሳልል እንደኖርኩ ነው የተናዘዝኩት። መምሬም፣ 'ደስ እስኪልሽ አትጠብቂ። በየቀኑ ከእሱ አንድ መልካም ነገር ፈልገሽ እግዚአብሔርን አመስግኚ፤ ያላገኘሽበት ቀን አይቆጠርም' አሉኝ። መጀመሪያ ጨንቆኝ ነበር። ከዚያ ዱቄቱን በር ላይ አራግፈህ እንደምትገባ አየሁ። ሳልህ ሲነሳ እንዳልነቃ ብለህ ወደ ግድግዳ እንደምትዞር አየሁ። ስፈልግ ስፈልግ፣ እውነትም ደስ ይለኝ ጀመር።"

አፈርኩ። ያፈርኩት በጩኸቴ ብቻ አይደለም፤ እኔ በእሷ ተመስገን ያልኩበትን ቀን ባስብ ባስብ አጣሁት።

"የዛሬውንስ አገኘሽ?" አልኳት በመጨረሻ።

"ዛሬ ምንም የለም" አለችኝ።

ገና ስምንት ሰዓት ነበር። ማዳበሪያውን ገለጥኩና አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሰዉ ሁሉ እያየኝ፣ ድንች መልቀም ጀመርኩ።