ከበሩ በላይ የሰቀልኩት ባንዲራ

ባንዲራውን የገዛሁት ለጠብ አልነበረም። አንድ የሰመር ቅዳሜ፣ ሐበሾች ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ዳር ጠረጴዛ ዘርግታ ከምትሸጥ ሴት ነው የገዛሁት። «ልሙጡን ነው ኮከብ ያለውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች መልሴን ለመስማት ጸጥ ሲሉ ታወቀኝ። እኔ የፈለግኩት ልጄን ከፀሐይ የሚከልልልኝ ነገር ነበር። «የቀረበሽን ስጪኝ» አልኳት። ልሙጡ ቀረባት፣ አጥፋ ሰጠችኝ።

ጓደኛዬ ያን ቀን አብሮኝ ነበር። ልጄን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ ባንዲራውን ለሁለት ተከናንበው ሜዳውን ሲዞሩ ዋሉ። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። «ጋሽዬ» ነበር የምትለው።

እሱ የሰሜን ሰው ነው፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ። የተዋወቅነው ዳላስ፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ነው፤ ሁለታችንም ዊልቸር እንገፋለን። መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች ከመኪና እስከ መሳፈሪያው ጌት፣ ከጌት እስከ ሻንጣ መውሰጃ እናደርሳለን። ዳላስ አጠገብ፣ ካሮልተን ውስጥ በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው፣ እሱ ታች፣ እኔና ባለቤቴ ልክ ከሱ በላይ። መኪናው ተበላሽታ ከተጣለች በኋላ ሌላ አልገዛም፣ በኔ መኪና ነበር ሥራ የምንሄደው። በመንገዳችን ላይ አንድ የመኪና መሸጫ አለ። ሃያ አንሶላ ቢሰፋ የማያክለው የአሜሪካ ባንዲራ ሰቅሏል። ጓደኛዬ ሁልጊዜ ቀና ብሎ ያየዋል። «ዛሬ ነፋስ አለ፣ ጃኬትህን እንዳትረሳ» ይለኛል። ዝቅ ብሎ ሲውለበለብ ደግሞ «ማን ሞቶ ይሆን?» ይላል።

ዜግነት የወሰድነው በአንድ ቀን ነው። ቃለ መሐላ ከፈጸምን በኋላ ለእያንዳንዳችን ትንሽ ባንዲራ ሰጡን። ሁሉም ሰው ሲያውለበልብ እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ስንወጣ ይመለሳል እንዴ?» አለኝ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ዳኛዋ ከደስታ የተነሳ የምናለቅስ መስሏት ፈገግ አለችልን።

እውነቱን ለመናገር አገር ቤት እያለሁ ስለ ባንዲራ አስቤ አላውቅም። ባንዲራ ማለት ለእኔ የትምህርት ቤት ሰልፍ ነበር። ያረፈደ በጠጠር ላይ ይንበረከካል። እኔ ብዙ አረፍድ ስለነበር፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ከታች ሆኜ ነው ስመለከተው የኖርኩት።

ጓደኛዬ እሑድ እሑድ እናቱ ጋ ይደውላል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አማርኛቸው ጥቂት ቢሆንም እኔን ሳይጠይቁ አይዘጉም። «ያ ፎቅ ላይ ያለው ልጄ ደህና ነው?» ይላሉ። እኔም ከላይ ጎንበስ ብዬ፣ «ደህና ነኝ እማማ! እርስዎ እንዴት ነዎት?» ብዬ እጮሃለሁ። በመልክ አያውቁኝም፤ ድምፄን ግን ይለዩታል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

መጀመሪያ ስልኩ ተቋረጠ። ጓደኛዬ ብሬክ በወጣ ቁጥር ጌት አጠገብ ካለው መስኮት ሥር ተቀምጦ ይደውላል። «አገኘሃቸው?» እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ሞት ተረዳ። ወታደር ነበር። አብረን ያደግን፣ ከኔ በሦስት ዓመት የሚያንስ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነበር። ጓደኛዬ በዚያው ምሽት ወጥቶ አብሮኝ ተቀመጠ፤ አለቀሰልኝም። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ለምን እንደረሳሁት ዛሬም አላውቅም።

ሐዘኑ ውሎ ሲያድር ወደ ንዴት ተለወጠብኝ። ሌሊትና ቀን ስልኬ ላይ ነበርኩ፤ ይኸኛው ወገን የለጠፈውን አነባለሁ፣ ያኛው ወገን የለጠፈውን እሰድባለሁ። መኪና ውስጥ እኔም እሱም ጆሯችን ላይ ማዳመጫ መሰካት ጀመርን። እኔ የማዳምጠውን እሱ ያውቃል፣ እሱ የሚያዳምጠውን እኔ አውቃለሁ።

አንድ እሑድ ዳውንታውን ዳላስ ለሠራዊቱ የድጋፍ ሰልፍ ተጠራ። ባንዲራውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ሄድኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ለዓመታት «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያልኩ በሰው መሀል ዊልቸር ስገፋ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን መንገድ ተዘግቶልኝ በመሀል አስፋልት ሄድኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቤት ስመለስ ደስታው እንዳይበርድብኝ ባንዲራውን በጫማ ክር ከባልኮኒው ብረት ላይ አሰርኩት። ሰፊ ነበርና ወደ ታች ወረደ። ቀዩ ጠርዝ ከጓደኛዬ በር አናት ላይ ይርገበገብ ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼው ገባሁ።

በማግስቱ ከሥራ በኋላ አንኳኳ። ሁልጊዜ ሳያንኳኳ ነበር የሚገባው።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለኝ ቆሞ።

«ግባ እንጂ።»

«አልገባም። ባንዲራውን ወደ ውስጥ አድርግልኝ።»

«ለምን?»

«የእናቴን ድምፅ እስክሰማ ብቻ። ከዚያ መልሰህ ስቀለው፣ እኔ ራሴ አብሬህ እሰቅለዋለሁ። ጠዋት በሬን ስከፍት የማየው እሱን ነው። በእናቴ ደጃፍ እሱን ይዘው እነማን ቆመው ይሆን እያልኩ ነው የምወጣው።»

«ይህ እኮ ያንተም ባንዲራ ነው» አልኩት።

«የኔም ነው። ለዚህ እኮ ነው የጨነቀኝ። የሰው ባንዲራ ቢሆን ምን አገባኝ?»

ባለቤቴ ከኩሽና ወጥታ በር ላይ ቆማለች። እኔ የአክስቴ ልጅ ፊት መጣብኝ። «እኔም ሰው ሞቶብኛል» አልኩት። «ማንንም ለማስደሰት ባንዲራ አላወርድም።»

«እሺ» አለና ደረጃውን ወረደ።

«አውርደው» አለች ባለቤቴ።

«አላወርድም።»

«ለማን ነው የምታሳየው? እዚህ ግቢ ውስጥ ሐበሻው እኛና እሱ ብቻ ነን።»

እውነቷን ነበር። ጎረቤቶቻችን ባንዲራውን አያውቁትም፤ አንዱ ሜክሲኳዊ እንዲያውም «የቦሊቪያ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ግን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፌው፣ ፊታቸውን የማላውቃቸው ሰዎች «ጀግና» ብለውኛል። ካወረድኩት የተሸነፍኩ መሰለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ መኪናዬ ውስጥ አልገባም። ከካሮልተን ግሪን ላይን ይይዛል፣ ከተማ ድረስ ይወርዳል፣ እዚያ ባቡር ቀይሮ እንደገና ወደ ላይ ወደ ኤርፖርት ይመለሳል። በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ይጓዛል። እኔ ከአልጋ ስነሳ እሱ ወጥቷል። አንዳንድ ቀን ወደ ጣቢያው ሲሄድ በመኪና እደርስበታለሁ፤ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አንገቱን ሰብሮ ይራመዳል። አንድ ጊዜ ፍጥነቴን ቀነስኩ። መስኮቱን ግን አልከፈትኩም።

ልጄ፣ «አባ፣ ጋሽዬ ለምን አይመጣም? ማድ ነው? ተናዶብናል?» አለችኝ።

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ግን አንተም እዛው ነህ ሥራህ» አለች።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱፐርቫይዘሬ በሬዲዮ ጠራኝና «ያንተን ቋንቋ የምትናገር መንገደኛ አለች፣ ቶሎ ና» አለኝ። ስደርስ ነጭ ነጠላ የለበሱ አሮጊት እናት ዊልቸር ላይ ተቀምጠዋል። ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘዋል። «ደህና መጡ እማማ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። አዩኝ፤ ግን አልመለሱልኝም። ደግሜ ተናገርኩ። በትግርኛ የሆነ ነገር አሉ፤ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈርተውኛል። እኔ በአማርኛ በተናገርኩ ቁጥር ፓስፖርቱን ይበልጥ ወደ ደረታቸው ያስጠጋሉ። በሕይወቴ ሰው ፈርቶኝ አያውቅም ነበር።

ሬዲዮውን አንስቼ ጓደኛዬን ጠራሁት። በኤርፖርቱ የውስጥ ባቡር ከሌላ ተርሚናል መጣ። እኔን ሳያይ እግራቸው ሥር ተንበረከከና በቋንቋቸው አነጋገራቸው። ሴትየዋ ፓስፖርቱን ጣሉት። ሁለቱን ጉንጮቹን በእጃቸው ያዙና ማልቀስ ጀመሩ። እሱም አለቀሰ። መንገደኛ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ዙሪያቸውን ያልፋል። እኔ ወለል ላይ የወደቀውን ፓስፖርት አንስቼ ቆምኩ።

እሱ ዊልቸሩን ገፋ፣ እኔ ሻንጣቸውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ውጭ የሚጠብቋቸው ልጃቸው ጋ ስናደርሳቸው ሁለታችንንም መረቁን። ከምርቃቱ ውስጥ «ደቀይ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ልጆቼ ማለት ነው፤ ከእናቱ የእሑድ ስልክ ነበር የተማርኳት።

«አንዴ ላናግርህ» አልኩት።

«ሺፍቴ አላለቀም» ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ቤት እንደገባሁ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ባልኮኒ ወጣሁ። ክሩ በፀሐይ ደርቆ አልፈታ ስላለኝ በቢላ ቆረጥኩት። ጎንበስ ስል የታችኛው መስኮት መጋረጃ የለውም። ወርጄ አየሁ። ቤቱ ባዶ ነው፤ የአፓርትመንቱ ሠራተኛ ምንጣፍ እያጸዳ ነበር። «ሰኞ ለቀቀ» አለኝ። ያን ዕለት ረቡዕ ነበር። ከአገሩ ልጆች ጋር ቤድፎርድ ከተማ መግባቱን በኋላ ሰማሁ።

ስልክ ከዓመት በላይ ቆይቶ ሲከፈት መርዶው መጣ። እናቱ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር። የስኳር በሽተኛ ነበሩ፤ መድኃኒት ጠፍቶ ነው የሞቱት። የነገረኝ የሥራ ባልደረባችን ነው። ባለቤቴ ምግብ ሠርታ፣ ልጃችንን ይዘን ቤድፎርድ ሄድን። ከመኪናው መውረድ አቅቶኝ ቆየሁ። በመጨረሻ ልጄ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ስንገባ ሳሎኑ ጸጥ አለ። ብዙዎቹ ያውቁኛል፤ ፎቶውንም አይተውታል። አንድ ወጣት በትግርኛ የሆነ ነገር አለ፤ ትርጉሙን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በአማርኛ፣ «ተወው ልጄ። ለቅሶ ቤት ነው፣ ይግባ» አሉ።

ጓደኛዬ ከመቀመጫው ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ጢሙ አድጎ፣ ትከሻው ጠቦ ነበር። «እግዜር ያጥናህ» አልኩት። ልጄ ሄዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱም እስክንወጣ ድረስ ከጭኑ አላወረዳትም።

ስንሄድ መኪናችን ድረስ ሸኘን።

«አውርጄዋለሁ እኮ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሱ አሳፈረኝ።

«በየቀኑ እደውልላት ነበር» አለኝ፣ ያልኩትን ያልሰማ ይመስል። «ሞታም እደውልላት ነበር። ሳላውቅ።» ከዚያ ዓይኔን አየኝ። «ባንዲራው አይደለም የጎዳኝ። ተሰቅሎም ቢሆን፣ ከላይ ሆነህ አንድ ቀን ‘እናትህስ?’ ብትለኝ፣ ከሥሩ እኖር ነበር። አምስት ወር ጠበቅኩህ። እሷ እኮ ሁልጊዜ ትጠይቅህ ነበር።»

ባለቤቴ መኪና ውስጥ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔ ቁልፉን አስገብቼ መነሳት አቃተኝ።

ባንዲራው አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። ዘንድሮ የልጄ ትምህርት ቤት ልጆች የወላጆቻቸውን አገር ባንዲራ ይዘው የሚያልፉበት ዝግጅት ነበረው። «ልውሰደው?» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ እሺ ለማለትም አንደበቴ ከበደኝ። ባለቤቴ ተኩሳ ሰጠቻት። ይዛው ስታልፍ እንደ ሌሎቹ ወላጆች ተነስቼ አጨበጨብኩ። ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ከባድ ነገር ተጫነኝ። ሁለቱ ስሜቶች እስከ ዛሬ አልተለያዩልኝም። ባንዲራውን አልጠላሁትም። ሌላ ሰው ሲሰቅለው ሳይ ግን ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ከሥሩ ያለውን በር ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ሰላም እንባባላለን። መኪና ገዝቷል። ባለፈው ወር በተርሚናሎቹ መሀል በሚመላለሰው ባቡር ተገናኘን። አገር ቤት ደርሶ መምጣቱን ሰምቼ ነበርና እንዴት እንደነበር ጠየቅኩት። የእናቱ መቃብር ላይ ድንጋይ ብቻ እንዳገኘ፣ ስም አስጽፎ እንደመጣ ነገረኝ። «ቤቷ ቆሟል። ጣሪያው የለም እንጂ ቆሟል» አለ። ሌላም ሊለኝ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ በሩ ተከፈተ። ባዶውን ዊልቸር እየገፋ ወረደ። እኔ የምወርደው ቀጣዩ ላይ ነበር።